በብርሃን የሚዋኙ ሮቦቶችና የቦርከና ውሃ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

የተከበሩ አዘጋጅ፦

ጋዜጣችሁ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓምዱ በብርሃን ስለሚዋኙ ለስላሳ ሮቦቶች ያወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ባትሪ፣ ሞተርና ሽቦ ሳይኖራቸው ብርሃን ስላረፈባቸው ብቻ የሚታጠፉ፣ የሚዘረጉና በውሃ ላይ የሚጓዙ ቁሶች መኖራቸውን ለአማርኛ አንባቢ ማስተዋወቅ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ በአንድ በኩል ነገሩን ከእኛ አቅም እጅግ የራቀ አድርጎ ሲያቀርብ፣ በሌላ በኩል እነዚህ ሮቦቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደ ቦርከና ያሉ የተበከሉ ወንዞችን እንደሚያጸዱ ተስፋ ይሰጣል። በእኔ እምነት ሁለቱም በቅጡ አልተመዘኑም። በኮምቦልቻ በጨርቅ ማቅለም ሥራ ላይ የምገኝ የኬሚስትሪ ባለሙያ ነኝና፣ ሳይንሱ ከተባለው በላይ ቅርባችን፣ ወንዝ የማጽዳቱ ተስፋ ግን ከተባለው በላይ ሩቅ መሆኑን ለማስረዳት ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

በቅድሚያ መታረም የሚገባው ነገር አለ። ጽሑፉ ሮቦቶቹ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ እየለወጡ እንደሚንቀሳቀሱ ገልጿል። በጣራ ላይ የሚሰቀለው ሶላር እንደዚያ ይሠራል፤ እነዚህ ግን ከብርሃን ወደ እንቅስቃሴ የሚሻገሩት ኤሌክትሪክ በመካከል ሳይገባ ነው። በጣም የተለመደው ዓይነት በሁለት ስስ ንብርብሮች የተሠራ ቅይጥ ቁስ፣ ባለሙያዎች ኮምፖዚት የሚሉት ነው። አንደኛው ንብርብር ብርሃን የሚመጥ የካርበን ቅንጣት፣ ማለትም ካርበን ብላክ፣ ግራፊን ወይም ካርበን ናኖቲዩብ፣ የተበተነበት የሲሊኮን ጎማ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሙቀት ብዙ የማያስረዝመው እንደ ፖሊኢማይድ ያለ ፕላስቲክ ነው። ካርበኑ ብርሃኑን ውጦ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሲሊኮን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሙቀት ጭማሪ በእያንዳንዱ ሜትር 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲረዝም፣ ፖሊኢማይድ የሚረዝመው የዚያን አንድ አሥራ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። የተጣበቁት ንብርብሮች እኩል መርዘም ስለማይችሉ፣ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቆዳ ጫፉ እንደሚቆለመም ሁሉ፣ ቁሱ ሲሊኮኑን ወደ ውጭ አድርጎ ይቆለመማል፤ ብርሃኑ ሲነሣም ቀዝቅዞ ይዘረጋል። ብርሃኑ በየተራ ሲበራና ሲጠፋ ይህ መታጠፍና መዘርጋት ውሃውን ይቀዝፋል።

ሌላው መንገድ ለእኛ ለማቅለሚያ ሰዎች ይበልጥ የሚጥም ነው። አዞቤንዚን የሚባል ሞለኪውል አለ፤ ሁለት የቤንዚን (የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን ስድስት ካርበን አተሞች የተያያዙበት) ቀለበቶች በድርብ ቦንድ በተጣመሩ ሁለት የናይትሮጅን አተሞች የተያያዙበት ነው። 365 ናኖ ሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት፣ ቀጥ ብሎ የነበረው ሞለኪውል ይታጠፍና ከጫፍ እስከ ጫፍ 0.9 ናኖ ሜትር የነበረው ርዝመቱ ወደ 0.55 ናኖ ሜትር ያጥራል፤ በሚታይ ብርሃን ወይም በሙቀት ደግሞ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። የአንድ ሞለኪውል መታጠፍ ለማንም አይታይም። ሞለኪውሎቹ ሊኩዊድ ክሪስታል ኤላስቶመር በሚባል፣ ውስጡ በአንድ አቅጣጫ በተሰለፈ ጎማ መሰል ፖሊመር ውስጥ ሲቀመጡ ግን የእያንዳንዳቸው መታጠፍ ሰልፉን ያፋልሰዋል፤ ቁሱም በሰልፉ አቅጣጫ ይኮማተራል። ብርሃኑ በአብዛኛው በላይኛው ገጽ አካባቢ ተውጦ ስለሚቀር የሚያጥረው ብርሃን ያገኘው ጎን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቁራጩ ወደ ብርሃኑ ይጎብጣል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 የብርሃኑን የመወዛወዝ አቅጣጫ እየቀያየሩ አንድን ስስ ፊልም በፈለጉት አቅጣጫ ማጠፍ እንደሚቻል ያሳዩት በዚሁ መንገድ ነው።

ይህ በኬሚስትሪ አዞ የሚባለው የናይትሮጅን ትስስር በማቅለሚያ ክፍል እንግዳ አይደለም። ለጨርቅ ከሚውሉት ሰው ሠራሽ ማቅለሚያዎች ከግማሽ የሚበልጡት የያዙት እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የኬንት ስቴት፣ የፍራይቡርግና የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች በውሃ ላይ ተኝቶ ከላይ ሌዘር ሲበራበት ከብርሃኑ ሸሽቶ ወደ ጨለማው የሚዋኝ ኤላስቶመር ሠርተው ነበር። በውስጡ ያሟሙት ማቅለሚያ ዲስፐርስ ኦሬንጅ 1 ነበር፤ ይኸውም ፖሊስተር የሚቀለምበት የዲስፐርስ ዳይ ወገን ነው። ጽሑፋችሁ ከእኛ ዓለም የራቀ ያለው ግኝት፣ ሞተሩ የማቅለሚያ መጋዘን ዕቃ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ጥርጣሬ ልጨምር። ማቅለሚያው በፖሊመሩ ውስጥ የሟሟ ብቻ ከሆነና በኬሚካል ካልታሰረ፣ ቀስ በቀስ ወደ ውሃው መውጣቱ አይቀርም፤ ብርሃን በበዛበት መጠንም ይደበዝዛል። እኛ ይህን የመታጠብ ጽናትና የብርሃን ጽናት እንለዋለን፤ የብርሃን ጽናትን ከ1 እስከ 8 ደረጃ ከተሰጣቸው ሰማያዊ የሱፍ ጨርቆች ጋር እያነጻጸርን እንለካለን። ስለ ብርሃን ዋናተኞች የሚወጡት ዘገባዎች ፍጥነታቸውንና የመታጠፊያ ማዕዘናቸውን አጉልተው ይነግሩናል፤ ፀሐይ ላይ ከርመው ምን ያህል ጉልበት እንደሚቀራቸው ግን እምብዛም አናነብም። አንድ ጨርቅ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ለሮቦቱ የማይጠየቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ጽሑፉ በምሳሌነት ያቀረበው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ሰው ሠራሽ ስቲንግሬይ (ስቲንግሬይ ጠፍጣፋ ዓሣ ነው) ደግሞ ከእነዚህ ጋር በአንድ ረድፍ ሊቀመጥ አይገባውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው ይህ 16 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ዋናተኛ ከሲሊኮን ጎማ፣ ከወርቅ አጽምና ከ200,000 ገደማ የአይጥ የልብ ጡንቻ ሕዋሳት የተሠራ ነው። ሕዋሳቱ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍባቸው እንዲኮማተሩ በዘረመል ምሕንድስና ተለውጠዋል። ጉልበታቸውን የሚያገኙት ግን ከሚዋኙበት ግሉኮስ ካለበት ፈሳሽ ነው፤ ብርሃኑ ትእዛዝ ነው እንጂ ምግብ አይደለም። ብርሃን ኃይል የሚሆንበትንና ብርሃን ምልክት ብቻ የሚሆንበትን አንድ አድርጎ ማቅረብ፣ አንባቢው ወደ ፊት ሌላ ዜና ሲሰማ ማመዛዘኛ ያሳጣዋል።

አሁን ወደ ቦርከና ልምጣ። ደሴን አልፎ ኮምቦልቻን አቋርጦ ወደ አዋሽ ተፋሰስ የሚወርደው ይህ ወንዝ በክረምት አፈር ተሸክሞ የሚደፈርስ፣ በበጋ ደግሞ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ የሚጫነው ነው። በብርሃን የሚሠራ ነገር ለደፈረሰ ውሃ አይሆንም። ደለል ብርሃኑን ይበትነዋል፣ የማቅለሚያ ፍሳሽ የሚታየውን ብርሃን ይውጠዋል፣ አዞቤንዚን የሚፈልገው አልትራቫዮሌት ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይጠፋል። የሙቀት ነገርም አለ። ውሃ ሙቀትን በማስተላለፍ ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ ይበልጣል፤ ስለዚህ በአየር ላይ በቀላሉ የሚታጠፍ ባለ ሁለት ንብርብር ቁስ ውሃ ውስጥ ሲገባ ያገኘውን ሙቀት ወዲያው ይነጠቃል። ይህ ፈጥኖ እንዲዘረጋ መርዳቱ ባይካድም፣ እንዲታጠፍ የሚጠይቀውን ብርሃን ያበዛዋል። በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር የምትሰጠው 100 ሚሊ ዋት ገደማ ነው፤ ብዙዎቹ የቤተ ሙከራ ዋናተኞች የሚንቀሳቀሱት ግን ከዚህ በበረታ ሌዘር ነው።

በውሃው ገጽ ላይ የሚንሳፈፉት ይሻላሉ የሚል ሊኖር ይችላል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ካርበን ናኖቲዩብ በተዋሐደው ሲሊኮን ላይ በሌንስ የተሰበሰበ የፀሐይ ብርሃን እያሳረፉ፣ ከሚሊ ግራም እስከ በአሥር የሚቆጠሩ ግራሞች የሚመዝኑ ዕቃዎችን በውሃ ላይ አስኪደዋል። በዚህ ዘዴ የሚታጠፍ ነገር የለም። የውሃ የገጽ ውጥረት፣ ማለትም ገጹን እንደተወጠረ ስስ ሽፋን የሚያደርገው ኃይል፣ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሜትር 72.8 ሚሊ ኒውተን ገደማ ሲሆን ሙቀት ሲጨምር ይቀንሳል፤ ስለዚህ አንዱ ጎኑ የሞቀ ተንሳፋፊ ወደ ቀዝቃዛው ጎን ይሳባል። ውበቱ በቀላልነቱ ነው፤ ድክመቱም ከዚያው ይመጣል። ሳሙናና ዲተርጀንት ይህን ውጥረት በግማሽና ከዚያም በላይ ይጥሉታል፣ ሙቀቱ የፈጠረውን ልዩነትም ያስተካክሉታል። የማቅለሚያ ክፍል ፍሳሽ ደግሞ ማርጠቢያው፣ ቀለም ማስተካከያው፣ ማጠቢያው ሁሉ ዲተርጀንት መሰል ኬሚካል ነው። በንጹሕ ውሃ ላይ የሚፈጥነው ተንሳፋፊ፣ እንዲያጸዳው በተጠራበት ውሃ ላይ ነው ቀጥ የሚለው።

የመጠንና የፍጥነት ጉዳይም ሊታለፍ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1977 የፊዚክስ ሊቁ ኤድዋርድ ፐርሰል እንዳስረዱት፣ እጅግ ትንንሽ ለሆኑ ዋናተኞች ውሃው ዝልግልግ ስለሚሆንባቸው፣ በመጡበት መንገድ የሚመለስ መታጠፍና መዘርጋት ወደ ፊት አያስኬዳቸውም፤ በሄዱበት ልክ ይመለሳሉ። ለዚህም ነው በሽቱትጋርት የማክስ ፕላንክ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ በሚሆን የኤላስቶመር ዘንግ ላይ የብርሃን መስመሮችን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያስኬዱ፣ ሰውነቱ ተራ በተራ እንዲያብጥና እንዲሟሽሽ ያደረጉት። ድንቅ ሥራ ነው። ፍጥነቱ ግን በሰከንድ ጥቂት ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው፤ 3 ማይክሮ ሜትር ብለን ብናሰላው በሰዓት 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ካለው ከሐረጎ ዳገት ግርጌ እየተምዘገዘገ ለሚወርድ ጎርፍ ይህን ማቅረብ ይከብዳል። ደግሞስ ሲሊኮን፣ ፕላስቲክና ካርበን የተቀየጡባቸውን ጥቃቅን ቁራጮች በብዛት ወንዝ ውስጥ ለቅቆ ማን ይሰበስባቸዋል? ወንዙ ላይ ሌላ ብክለት መጨመር ነው። የማቅለሚያ ፍሳሽ መወገድ ያለበት በፋብሪካው አጥር ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ ኦክስጅን በሌለበት ገንዳ የአዞው ትስስር እንዲበጠስ፣ ቀጥሎም ኦክስጅን ባለበት ገንዳ ቅሪቱ እንዲሰባበር በማድረግ። ይህ አሮጌ ዕውቀት ነው፤ የጎደለው ሮቦት አይደለም።

ታዲያ ለምን እንድከማለን? እነዚህ ቁሶች የሚሠሩበት ቦታ ስላላቸው ነው፤ በጠራ ፈሳሽ፣ በተዘጋና በትንሽ ዕቃ ውስጥ፣ ሽቦ ማስገባት በማይቻልበት ስፍራ። ሌላው ምክንያት፣ ለእኔም የሚበልጠው፣ ጨርቅ የሚሠራ ከተማ በዚህ ሳይንስ ውስጥ የራሱ ድርሻ ሊኖረው ስለሚችል ነው።

የባለ ሁለት ንብርብር ቁስ ትልቁ ችግር መላቀቅ ነው። ሲሊኮን ከሌላ ነገር ጋር በቀላሉ አይጣበቅም፤ በተደጋጋሚ ሲታጠፍ ከጠርዙ ይለቃል። በፕላስቲኩ ፋንታ ስስ ጨርቅ ቢሆን ግን ሲሊኮኑ ሳይደርቅ በክሮቹ መካከል ሰርጎ ስለሚገባ ለመላቀቅ አይመችም። ጥጥ ግን ለዚህ አይመከርም፤ በተለመደው የአየር እርጥበት ብቻ 8.5 በመቶ ውሃ የሚይዝ፣ ውሃ ውስጥ ሲገባም የሚያብጥ ነውና። ፖሊስተር የሚይዘው 0.4 በመቶ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የሽመና ዕውቀት ነው። ድሩ ወፍራምና ጠጣር፣ ማጉ ስስና የተራራቀ ጨርቅ ብንወስድ፣ ሲሊኮኑን ከመርዘም የሚያግደው በድሩ አቅጣጫ ነው። በድሩ ርዝመት የተቀደደ ቁራጭ በቁመቱ ይጠቀለላል፤ በማጉ አቅጣጫ የተቀደደው በወርዱ ይጠቀለላል፤ በሰያፍ የተቆረጠው ደግሞ እየተጣመመ ይጠመዘዛል። የመቅዘፊያውን እንቅስቃሴ የሚወስነው እንግዲህ መቀስ የያዘው እጅ ማዕዘን ነው። ውድ በሆነ መሣሪያ ሞለኪውል ከማሰለፍ ይልቅ በድርና ማግ አቅጣጫን መወሰን ለወሎ ሸማኔ ቤት ልጅ የሚከብድ አይደለም፤ ይህን የምለው እንዲሁ አካባቢዬን ለማሞገስ አይደለም።

የካርበኑ ጉዳይ ከቀለም ኅትመት ሥራ ጋር አንድ ነው። ካርበኑ ካነሰ ብርሃኑ ያልፋል፤ ከበዛ ጎማው ይደርቅና መለጠጡ ይቀንሳል። ከመጠኑ የሚከፋው ግን መጓጎሉ ነው። ቅንጣቶቹ በደንብ ካልተበተኑ አንዱ ቦታ ሲግል ሌላው ይቀዘቅዛል፣ ቁሱም በተጓጎለበት በኩል ይሰነጠቃል። ፒግመንት፣ ማለትም የማይሟሟ የቀለም ዱቄት፣ ሲያዘጋጅ የዋለ ባለሙያ ይህን ችግር በዓይኑ ያውቀዋል።

ለተማሪዎች ሙከራ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በደሴ ፒያሳና በኮምቦልቻ ሱቆች ይገኛል። የመስታወት ማሸጊያ ሲሊኮን፣ ከኩራዝ የተሰበሰበ ጥላሸት፣ ሞባይል ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ወርቃማ ሙቀት ቻይ ፕላስተር ወይም ስስ የፖሊስተር ጨርቅ፣ የሃሎጅን አምፖልና የሚቀርጽ ስልክ በቂ ናቸው። ፕላስተሩ ፖሊኢማይድ ነው። ጥላሸት የተቀላቀለበትን ሲሊኮን በስሱ ቀብቶ ማድረቅ፣ በቀጭኑ መቁረጥ፣ ብርሃን ሲያርፍበት የሚታጠፍበትን ማዕዘን በስልኩ ምስል ላይ መለካት ነው። ከዚያ አንድ ዓይነት ቁራጮችን በቧንቧ ውሃ፣ ሳሙና በገባበት ውሃና ከቦርከና በተቀዳ ውሃ ውስጥ እያስገቡ ልዩነቱን መመዝገብ ይቻላል። በውጭ ቤተ ሙከራዎች ሙከራው በአብዛኛው የሚደረገው በንጹሕ ውሃ ነው፤ የደፈረሰና ሳሙና ያለበት ውሃ እንዴት እንደሚያደክማቸው በጥንቃቄ የሚለካ ሰው ለሳይንሱ እውነተኛ ነገር ይጨምራል። እኛ ደግሞ ውሃው ሳንፈልገው አለን።

በደሴ የወይዘሮ ስሂንና የመምህር አካለወልድ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ክበቦች ይህን ቢጀምሩት፣ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የጨርቃ ጨርቅና የሜካኒካል ምሕንድስና ክፍሎች ደግሞ በጋራ ቢመሩት መልካም ነው። ሁለቱ ክፍሎች ለየብቻ ቢይዙት አይሆንም፤ አንዱ ክሩን ሌላው ጉልበቱን ያውቃልና። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎች በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት በደረሰባቸው ዝርፊያና ውድመት ምክንያት ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ ምርምር ለመጀመር ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ ይህ ግን በትንሽ ወጪ የሚጀመር ሥራ ነው። (ደሴዎች ይቅር ይበሉኝና፣ የጦሳ ተራራ ጉም በለበሰ ጊዜ በፀሐይ መሞከር ለሚፈልግ ሐረጎን ወርዶ ወደ እኛ መምጣት ይሻለዋል።)

ከዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው፣ ስለ ኤሌክትሪኩና ስለ ስቲንግሬዩ የተጻፈው በሚቀጥለው ዕትም እንዲታረም፣ ቦርከናን በተመለከተም በውሃ ማጣራት ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች አስተያየት እንዲጠየቅ ነው። ከላይ የገለጽሁትን ሙከራ በዓምዳችሁ ለማስተዋወቅ ከወሰናችሁ ደግሞ ማስጠንቀቂያው አብሮ ይውጣ። የማሸጊያ ሲሊኮን ሲደርቅ የሚያወጣው የአሴቲክ አሲድ ትነት ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላልና መስኮት በተከፈተበት ክፍል ይሠራ፤ ጥላሸት በአፍንጫ እንዳይገባ ማስክ ይደረግ፤ የፀሐይ ብርሃን በሌንስ የሚሰበስቡ ተማሪዎች በሌንሱ በኩል ወደ ፀሐይ እንዳያዩ መምህር አጠገባቸው ይቁም፤ ሌንሱም ሥራው እንዳለቀ ተሸፍኖ ይቀመጥ፣ በመስኮት ዳር የተረሳ ሌንስ ደብተር ያቃጥላልና።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የማቅለሚያ ክፍል ኬሚስት
ከኮምቦልቻ